በስቅለት ዕለት ያመንሁት ብረት

ሰውን ከበደሉ ይልቅ በምሕረቱ በሚመዝን በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ጀምሬ፣ እኔ ቄሱ በታናሽ ወንድሜ ላይ የሠራሁትን እጽፋለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ወንድሜ ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ከቀረ ወዲህ በአንኮበር በአረቄ የታወቀ ሰው ሆነ። ጉበቱ ታሞ ደብረ ብርሃን በወሰድሁት ጊዜ፣ ውጭ አገር የተማረ አንድ ሐኪም የኪስ ሰዓት የሚመስል ብረት ሰጠው። በቀበቶ ይታሰራል፤ ሰው በተራመደ ቁጥር ቀጭ እያለ ይቆጥራል። ሐኪሙ የመጠጥ አምሮት ሲነሣበት እንዲራመድ ወንድሜን፣ ማታ ማታ ቁጥሩን እንድመለከት እኔን አዘዘን። ዳግመኛ ከጠጣ እንደማይተርፍም ለብቻዬ ነገረኝ።

ዐቢይ ጾምን በሙሉ አረቄ አልቀመሰም። የአልዩ አምባን ቁልቁለት ወርዶ ሲመለስ የአረቄ ጓደኞቹ "በቅሎዋ ቃጭል ታሰረላት" ይሉት ነበር፤ እርሱም አብሮ ይስቃል።

በስቅለት ዕለት እኔ ከመቅደስ ዋልሁ። እርሱ ኀፍረቱ ስላልለቀቀው ከቅጽሩ ጥግ ቆሞ ኖሯል፤ አላየሁትም። በሠርክ፣ እንደ ሥርዓቱ ምእመናኑን በወይራ ቅጠል ስንጠበጥብ፣ ጀርባውን አጎንብሶ ከፊቴ ቆመ። ብረቱን አየሁ። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው፤ የዕለቱ ቁጥር ግን ታችኛው ሰፈር አረቄ ቤት ደርሶ የተመለሰ ሰው ያህል ነበር።

"የት ዋልህ?" አልሁት።

"እዚሁ ስሰግድ፣ አባ።"

"ብረቱ ሌላ ይላል። ጌታ በተሰቀለበት ቀን አረቄ ቤት ውለህ ለወይራ ጀርባህን ትሰጣለህ?"

ሰልፉ ሁሉ ሰማ፤ አንዲት ሴትም ሳቀች። አፌን ያሽትቱ ብሎ ቢጠጋኝ ፊቴን አዙሬ ተከታዩን ጠራሁ። ብረቱን ፈትቶ በእጄ አኖረና ሄደ።

በማግሥቱ ጧት እንዳይጠፋ ብዬ ብረቱን በመታጠቂያዬ ሰክቼ ለጸሎት ቆምሁ። በሰገድሁ ቁጥር፣ አንዲት እርምጃ ሳልራመድ፣ ቀጭ ይላል።

ሮጬ ስደርስ አረቄ ቤት ተቀምጦ ጠጥቷል። እንደ ተሳሳትሁ በጆሮው ነገርሁት።

"የነቀፉኝ በሰው ፊት ነው፤ ይህንንም በሰው ፊት ይበሉት፤ ያን ጊዜ መጠጡን እተወዋለሁ" አለኝ።

ክህነቴ እንዳይናቅ ፈርቼ፣ ከፋሲካ በኋላ አልሁት። ከፋሲካ በኋላም አላልሁም። ለጰራቅሊጦስ ሳይደርስ ቀበርነው፤ ፍትሐቱንም የደገምሁለት እኔ ነኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ከችኩል ፍርድ ይጠብቅህ፤ ይቅርታን ለነገ ከማሳደር ቤትህን ይሰውርልህ፤ በማዕድህ ዙሪያ ያሉትንም አያጉድልብህ። አሜን።