ጋሽ ሽቦ የነቀሏት ሽቦ

ጋሽ ሽቦ የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ናቸው። ስሙ የወጣላቸው የቆመ ማሽን ሁሉ በቁራጭ ሽቦ ስለሚያስነሱ ነው፤ እሳቸውም እንደ ማዕረግ ነበር የሚቀበሉት። በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ከወጣት መሐንዲሶች ጋር የማሽን ደህንነት ሥልጠና ግቡ ሲባሉ ግን ከፋቸው።

"በሽበቴ ፊደል ልቁጠር?"

በመጀመሪያው ቀን ደብተራቸው ላይ የጻፉት ቀኑን ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቀን አሠልጣኟ ጠየቀቻቸው።

"ጋሼ፣ የመከላከያ በሩን መከፈት የሚያውቀው ስዊች ቢበላሽ ማሽኑ ምን ያድርግ?"

"ይሥራ እንጂ። ምርት ሊቆም ነው?"

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። "ይቁም። ጥሩ ማሽን ሲበላሽም ለሰው ያደላል።"

ነገሩ ከነከናቸው። እልኸኛ ናቸውና ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ደብተር ሞሉ፤ በየፋብሪካው የበሩን ስዊች በሽቦ እያለፈ፣ በሩ ተከፍቶም ማሽኑ እንዲሠራ የሚያደርገውን ሁሉ ሲወቅሱ ዋሉ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼኔ ነው።

የመጨረሻው ፈተና በገዛ መሥሪያ ቤታቸው አንድ ማሽን መመርመር ነበር። የቆርቆሮ ክዳን የሚቆርጠውን መረጡ፤ የእህታቸው ልጅ የምትሠራበት ነው፣ ያስቀጠሯትም እሳቸው ናቸው። ማሽኑ እየሠራ በሩን ከፈቱት። አልቆመም። የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ሲከፍቱ ክው አሉ። ጫፏ ሦስቴ ወደ ግራ የተጠመዘዘ ቀይ ሽቦ አለች፤ እንደዚያ የሚጠመዝዝ ደግሞ ከእሳቸው ሌላ የለም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ስዊቹ ሲበላሽ ለዛሬ ብቻ ብለው አስረዋት ረስተዋታል። ልጅቷ እጇን የምትሰደው በዚህ በር ነው። አፈሩ፤ ፈሩም።

የፈረቃ ኃላፊው መጣ። "ጋሽ ሽቦ፣ ዛሬ የምናስረክበው የደንበኛ ትዕዛዝ አለብን። ለዛሬ ብቻ እንደነበረች ትሁን።"

"እኔም ያኔ ለዛሬ ብቻ ነበር ያልኩት" አሉና ነቀሏት። ማሽኑ ቆመ። ኃላፊው ሥራ አስኪያጁ ጋ እከስዎታለሁ ብሎ ሄደ። እሳቸው በፈተናው ቅጽ ላይ ሽቦዋን ማን እንዳሰራት ከነሙሉ ስማቸው ጻፉ፤ ሰርተፊኬቱ ቀርቶ ሥራውም ቢሄድ ይሂድ ብለው ቆርጠዋል። ከዚያ አዲስ ስዊች ገጠሙ።

ከሰዓት በኋላ የእህታቸው ልጅ እንደ ልማዷ የተጣመመ ክዳን ልታወጣ በሩን ከፈተች። ማሽኑ ቀጥ አለ።

"አጎቴ፣ ይኼ ማሽን ተበላሸ እንዴ?" አለች፣ እጇ ገና ውስጥ ነው።

"አይ ልጄ" አሉ። "ገና ዛሬ ተሠራ።"