ፍሬ የለውም የተባለው ማንጎ

ባለፈው ሳምንት ቤቴን ለባንክ ብድር ላስገምት ሁለት ገማቾች አነጋገርኩ። አንዱ በግማሽ ቀን እጨርሳለሁ አለ። ሌላው ሁለት ቀን ያስፈልገኛል ብሎ እጥፉን ጠየቀ። ልጄ «አባዬ፣ ወረቀት ወረቀት ነው፤ ርካሹን ያዝ» አለኝ። እኔም በወጣትነቴ ልክ እንዲህ ብዬ ነበር።

ክልሉ ገና አዲስ ሳለ ነው መምህር ሆኜ ከጎጃም አሶሳ የተመደብኩት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። የተከራየሁት እማማ አሻ ከሚባሉ የበርታ ሴት ግቢ፣ ከቀርከሃው አጥር ጥግ ያለችውን ክፍል ነው። ሟቹ ባለቤታቸው ልጅ በተወለደ ቁጥር አንድ ማንጎ ይተክሉ ስለነበር አምስት ትልልቅ ዛፎች ግቢውን ሞልተውታል። ግንቦት ሲገባ ፍሬው ቆርቆሮዬን ይደበድበዋል። እማማ አሻ በሳህን ሞልተው ለእኔ ያመጡልኝና የቀረውን ሸጠው ዓመቱን ይኖሩበታል።

አዲሱ ከተማ መንገድ ፈለገ፤ መንገዱም በእሳቸው ግቢ መሐል ወጣ። ካሳ የሚፈልግ ሁሉ ገማች ቀጥሮ ወረቀት ያምጣ ተባለ። እማማ አሻ ፊደል አልቆጠሩም። «ኡስታዝ፣ አንተ የተማረ ሰው ነህ። አንተ ምረጥ» አሉኝ። ኮራሁ።

አንደኛው ገማች ሽማግሌ ነበሩ፤ መቶ ሃምሳ ብር ጠየቁ። ምን ሠርተው ነው ብዬ ቀለድኩባቸው። «ጣሪያው ላይ እወጣለሁ፣ መሠረቱን ቆፍሬ አያለሁ። ዛፍ ደግሞ ያለ ወራቱ ሲያዩት እንጨት ነው፤ ፍሬውን የበላ ጎረቤት ፈልጌ እጠይቃለሁ» አሉ። ሁለተኛው ወጣት ግን በሃምሳ ብር፣ በአንድ ረፋድ እጨርሳለሁ አለ። መቶ ብር አተረፍኩላቸው ብዬ እሱን ያዝኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ግን የሰው ነበር፤ መልቀምም አልቻልኩም።

ኅዳር ነበር። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት እየሮጥኩ «ዛሬ ቤቱንና ዛፉን የሚጽፍ ሰው ይመጣል» አልኳቸው። ለምን እንደሚጽፍ አልነገርኳቸውም። እሳቸው ደግሞ በዕድሜያቸው ዛፍ ሊጽፍ ሲመጣ ያዩት ግብር የሚጥል ሰው ብቻ ነው። ፍየሎቻቸውን ጎረቤት ደበቁ። ገማቹ ስለ ማንጎዎቹ ሲጠይቃቸው «ወላሂ፣ ይሄ ፍሬ የለም። ለጥላ ነው» አሉት። እሱም ጻፈ፣ በጣታቸው አስፈረመ፣ ወረቀቱን በቀጥታ ለመንገዱ ኮሚቴ አስረክቦ ሄደ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እማማ አሻ እየሳቁ ነገሩኝ። ኮሚቴው ዘንድ ሮጬ ብለምንም «የራሳቸው አሻራ አለበት» አሉኝ። አምስቱ ማንጎዎች በማገዶ ሒሳብ ተከፈሉ። በተከፈላቸው ገንዘብ ከከተማው ዳር አንዲት ጠባብ ጎጆ እንጂ ሌላ አልተሠራም።

ዛፎቹ የተጣሉት በግንቦት ነው፤ ቅርንጫፋቸው በፍሬ ጎብጦ። የማሽኑ ሹፌር ሳይቀር ወርዶ ለቀመ። እማማ አሻ አንዷን አንሥተው በለበሱት ቶብ ጠርገው ሰጡኝ። «ብላ ኡስታዝ። ፍሬ የሌለው ዛፍ ነው» አሉ፣ ፈገግ ብለው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እንደምንም በላሁና ዘሯን ኪሴ ከተትኩ።

እማማ አሻ ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆነ። ገማቾችን ግን ከዚያ ወዲህ በዋጋቸው አልመርጥም፤ የሁለት ቀኑን ሰው ቀጠርኩ። ትናንት መጣና ጓሮዬን ሲዞር ከዚያች ዘር የበቀለው ማንጎ ሥር ቆመ።

«ይሄ ያፈራል?» አለኝ።

«ያፈራል!» አልኩት። ድምፄ ሳላስበው ጮኾ ኖሮ ልጄ ደንግጦ ከቤት ወጣ።