የእትዬ ሄልጋ ጀርመንኛ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። አማርኛ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወደ ኮሎምበስ መጣን። ይህችን ግን ከእኔ በቀር የሚጽፋት የለም።

ልጅ እያለሁ ዋይትሆል በሚባለው ሰፈር ከእኛ አፓርታማ ሥር አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት ይኖሩ ነበር። እማዬ ከሥራ ስትመለስ ትረዳቸዋለች። በስማቸው ብቻ ብጠራቸው “ፈረንጅም ቢሆኑ ታላቅሽ ናቸው” ብላ ተቆጣችኝና እትዬ ሄልጋ አልኳቸው። ቤታቸው የተቀቀለ ጎመንና የጉልበት ቅባት ይሸታል።

ሰባተኛ ክፍል ጀርመንኛ ጀመርን። በሌላው ትምህርት ሁሉ ኋላ ነበርኩ፤ እዚህ ግን ፈረንጆቹም እንደ እኔ ከምንም ነው የተነሱት። ስለዚህ ያን ክፍል ወደድኩት። ችግሩ ዓይን አፋርነቴ ነበር። መምህሯ “ገባሽ?” ስትለኝ፣ እኛ ቤት እንደለመድነው፣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ አዎ እላለሁ። እሷ ደንግጬ ዝም ያልኩ ይመስላታል። በመጨረሻ፣ ዓርብ ቆሜ ትናንት የሠራሁትን በጀርመንኛ ካልተናገርኩ ወደ ሌላ ክፍል እንደምታዛውረኝ ነገረችኝ።

ሐሙስ እትዬ ሄልጋ ጋ ወርጄ ሾርባ እየበላን “ትናንት ሾርባ በላሁ” ማለትን ተለማመድኩ። በእንግሊዝኛ “ሃቭ”፣ ማለትም “አለኝ”፣ ከትናንት ጋር ስለማይሄድ፣ በጀርመንኛም ትቼው ከመጽሐፉ አጭሩን ያለፈ ጊዜ መርጬ ነበር። ሳቁብኝ።

“ተረት ልትነግሪኝ ነው? እሱ ለመጽሐፍ ነው። ለጎረቤት እንዲህ አይወራም።”

ለጎረቤት ሲወራ “አለኝ” ብለው ይጀምሩና፣ ትናንትን አስገብተው፣ ሾርባውን አስከትለው፣ መብላቱን መጨረሻ ላይ ያመጡታል። የክፍል ጓደኞቼ ይህ ግራ ያጋባቸው ነበር። እኔ ግን ግሱን እስከ መጨረሻ መጠበቅ ከእናቴ አፍ የለመድኩት ነው።

“ገባሽ?” አሉኝ። ትንፋሼን ሳብኩ። እሳቸውም መልሰው ሳቡ። ባደጉበት በሰሜን ባሕር ዳርቻ እናታቸው አዎ የሚሉት እንዲሁ ነበር።

“ለመምህርሽ ግን ወደ ውጭ አውጪው” አሉኝ።

ዓርብ ቆምኩ፤ ሾርባውንም፣ ጎመኑንም፣ ሳቁንም በጀርመንኛ አወራሁ። መምህሯ በዚያው ክፍል መቀጠል እፈልግ እንደሆነ ስትጠይቀኝ በጀርመንኛው አዎ “ያ!” አልኩ፣ ወደ ውጭ፣ ኋላ ድረስ እስኪሰማ።

ወሬውን ይዤ ከአውቶቡስ እንደወረድኩ ሮጥኩ። እማዬ የእትዬ ሄልጋን ብርድ ልብስ እያጠፈች አገኘኋት። ጠዋት አምቡላንስ ወስዷቸዋል። ከሆስፒታል አልተመለሱም።

ያኔ ድምፄ ከጉሮሮዬ አያልፍም ነበር። ዛሬ በምሠራበት ሱቅ ደንበኛ ሲጠራኝ ከሩቅ እመልሳለሁ፤ ጀርመንኛውም አልጠፋብኝም። ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ አዎ የምለው ለእማዬ ብቻ ነው።

የዚያችን ዓርብ ወሬ ግን ለእትዬ ሄልጋ ሳላደርስ ቀረሁ። ሐሙስ ስወጣ የበራቸውን እጀታ ይዘው ቆመው ነበር።

“እንዴት እንደሆነ ነገ ትነግሪኛለሽ” አሉኝ።