የሁለቱ ፒካፖች ፉክክር

እግሬ በጄሶ ታስሮ ሳለ ፋርመርስ ብራንች ከተማ ያለውን አፓርታማዬን እስከ ቀትር መልቀቅ ነበረብኝ። ዕቃ እንዲያወጡልኝ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች ነግሬ ስለነበር፣ ሁለት ሐበሾች በየፒካፕ መኪናቸው ሲመጡ ደስ ብሎኝ በሩን ከፈትኩ።

ሲገቡ ጀምሮ ይከራከራሉ።

«የኔ ኋላው ረጅም ነው፤ ሶፋው ተኝቶ ይገባል።»

«ያንተማ ዕቃ ሲሸከም ሃይዌይ ላይ ያቃስታል! ፍሪጁን ለኔ ተው።»

የማን መኪና እንደሚበልጥ ለማሳየት ከባድ ከባዱን ሲሻሙ ቤቱ ባዶ ሆነ። እኔ አንድ ካርቶን እንኳ አላነሳሁም። ወደ መኪኖቹ ተከትያቸው ስወጣ እንባዬ መጣ።

«እግዜር ይስጥልኝ። ማን ላካችሁ?»

«እንዴ ታደሰ፣ ራስህ ኮል አድርገህልን!»

«ታደሰማ ላይኛው ፎቅ ነው።»

ተያዩ። ባለ ረጅሙ ፒካፕ የሶፋውን ገመድ አጠበቀና የመኪናውን በር ከፈተልኝ።

«ታደሰ ሁለት እግር አለው፤ ይጠብቃል። አንተ ግባ።»