በሙሉ ድምፅ አልፏል

ይቺን ስሙኝ። ቁጭ ያላችሁ ቁጭ ብላችሁ፣ የቆማችሁም ቆማችሁ ስሙ፤ ብቻ እንደ ቀበሌ ስብሰባ እያንቀላፋችሁ አትስሙኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፣ ነገር ማሳመር አላውቅም። የሆነውን ግን አውቃለሁ። አጠገቡ ነበርኩ።

ጂንካ ገበያ ላይ እኔና ጓደኛዬ ጫኝና አውራጅ ነበርን። ከአርባ ምንጭ ጨው ይዞ የመጣውን መኪና እናራግፋለን፣ በቆሎና ኮረሪማ ጭነን እንሸኘዋለን። ክረምት ላይ ወይጦ ወንዝ ሲሞላ መኪና የሚባል የለም፤ ያኔ የአውሮፕላን ሜዳው ዳር እንቀመጣለን። ሜዳው ከተማው መሃል ነው። አውሮፕላን ሲመጣ ከብት እናባርራለን፣ አውሮፕላኑ ሲሄድ ከብቱ ይመለሳል፣ እኛም ቦታችን እንመለሳለን። "እኛና ከብቱ ልዩነታችን እኛ መዋጮ መክፈላችን ነው" ይል ነበር ጓደኛዬ።

የመሄድ በሽታ ነበረበት። የሄደበት አገር ግን የለም፣ ከጎረቤት ከተማ ከገዘር አልፎ አያውቅም። የመንገዱን ከተሞች ከሾፌሮች አፍ ለቅሞ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃሉ ይላቸዋል።

አንዲት ጨዋታ ነበረችን። አንዱ የጨረሰበትን ቃል ሌላው ይዞ ይቀጥላል። መልስ አጥቶ የቆመ ክንዱ ይጠመዘዛል። እሱ ይጀምራል፤

"እኔ ወይጦን ልሻገር እንጂ ሌላ አልፈልግም።"

"አልፈልግም ያለ ሰው ነው ትልቁን ጉርሻ የሚጎርሰው።"

"የሚጎርሰው ያጣ ነው እንጂ ተነስቶ የሚሄደው።"

"የሚሄደውስ ይሂድ፤ አርባ ምንጭ ገብተህ ማን ያውቅሃል?"

"ያውቅሃል ወይ ብሎ የሚጨነቅ ቀበሌ ነው፤ እኔ ሐይቁን አይቼ እቀጥላለሁ፣ እስከ ባሕር።"

"ባሕር ስትደርስ ሳሙና ላክልን፣ እዚህ ሱቅ የለም።"

"የለም የሚባለው ነገር ቢሸጥ ጂንካ ሀብታም ነበር።"

"ነበር..." ብዬ ቀረሁ። ክንዴን ጠምዝዞ አስጮኸኝ።

እንዲህ ስንቀልድ አንድ ቀን ቀልዱ እውነት ሆነ። አንድ ሽማግሌ ሾፌር ረዳቱ ታሞበት ኖሮ፣ "አንተ ጎረምሳ" አለው፣ "እሁድ እኩለ ቀን ላይ እወጣለሁ። ወረቀትህን ይዘህ ና፣ ረዳት አደርግሃለሁ።" ወረቀት ማለት የቀበሌ ይለፍ ነው። በዚያን ጊዜ ያለ እሱ ኬላ ላይ ያወርዱሃል፣ ከዚያ እስር ቤቱ ቅርብ ነው። ቀበሌ ሄድን። ጸሐፊው ቀና ብሎም አላየንም። "እሁድ ጠዋት ስብሰባ አለ። ያልተሰበሰበ ሰው ወረቀት የለውም። ሲያልቅ ና፣ ማህተም እመታልሃለሁ።"

እናቱ በቆሎ ቆላችለት። የአሪ ሴት ናት፣ አማርኛ የምታወራው ለገበያና ለቢሮ ብቻ ነው፤ ያን ቀን ግን እኔም እንድሰማ ብላ በአማርኛ አዘዘችው። "ልጄ፣ ሐይቁ ዳር አትሂድ። አዞ አለ ይላሉ።"

"እማ፣ አዞማ እዚህም አለ፣ ቀበሌ ነው የሚሰበሰበው" አላት። እየሳቀች በሰፌዱ መታችው።

አሁን እኛ ዘንድ ድምፅ መስጠት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሊቀመንበሩ ያነብባል። "የምትደግፉ" ይላል፣ እጅ ይነሳል። "የምትቃወሙ" ይላል፣ ቤቱ ጭር ይላል። "ድምፀ ተአቅቦ" ይላል፣ ምን እንደሆነ የገባው የለም፣ እሱም የገባው አይመስለኝም። "በሙሉ ድምፅ አልፏል።" ጭብጨባ። ለገበያ ጽዳት አንስተናል፣ ለመዋጮ አንስተናል፣ የት እንዳለ የማናውቀውን ጠላት ለማውገዝ አንስተናል። ከሰዉ ግማሹ በሆዱ የሚያወራው በአሪኛ ነው፣ የቢሮው አማርኛ ጣራው ላይ ይቀራል። እጁን የሚያነሳው የፊቱ ሰው ስላነሳ ነው። የፊቱ ሰው ደግሞ ሊቀመንበሩ ስላየው።

የምንሰበሰብበት አዳራሽ ድሮ የጴንጤዎች ጸሎት ቤት ነበር። ዘግተውባቸው ቀበሌ ወሰደው። እናቱ እዚያ ቤት ውስጥ እጇን ዘርግታ ስትጸልይ እያየ ነው ያደገው። ከተዘጋ ወዲህ በደጁም አታልፍም፣ ዞራ ነው የምትሄደው።

ሌላም ነገር እወቁልኝ። ልጁ ቤት ውስጥ የሚጠራበት የአሪ ስም አለው፤ እኔም ገበያውም በሱ ነው የምንጠራው። አንደኛ ክፍል ስንገባ ግን አስተማሪያችን "ይሄ ምላሴ ላይ አይዞርም" ብሎ ሌላ ስም አወጣለት፣ የሰሜን ሰው ስም። ቀበሌ መዝገብ ላይ የተጻፈው ያ ነው። ከሦስተኛ ክፍል ትምህርት ካቋረጠ በኋላ በዚያ ስም የጠራው ሰው የለም። እሱም የኔ ነው ብሎ አያውቅም።

እሁድ ሆነ። በቆሎውንና አንድ ሸሚዙን በጨርቅ ቋጥሮ ጭኑ ላይ አስቀምጦ የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። መኪናው ገበያው ጥግ ቆሟል። ከፊት ጽዳት ተነበበ፣ እጅ ተነሳ። የአውሮፕላን ሜዳው ሣር አጨዳ ተነበበ፣ እጅ ተነሳ። እኛ ቀስ ብለን የራሳችንን ይዘናል፤

"ሣሩን አንተ እጨድ፣ እኔ የለሁም።"

"የለሁም የሚል ሰው ቶሎ ይናፍቃል።"

"ይናፍቃል ብለህ ለእናቴ ንገርልኝ፤ እኔ ከዛሬ ወዲያ ቤቴ መንገድ።"

መንገድ። ከመንገድ የሚነሳ ነገር ስፈልግ ሊቀመንበሩ ሦስተኛውን ማንበብ ጀምሯል። የእናት አገር ጥሪ፣ የዘማች ኮታ፣ ምናምን። ስሞቹን በአንድ ትንፋሽ ደረደራቸው። "የምትደግፉ።" እጁ ያልተነሳ ሰው አልነበረም።

ያ የትምህርት ቤት ስም ጆሮዬ ውስጥ ዘግይቶ ገባ። ዞር ስል የሱም እጅ ተነስቷል። ክንዱን ይዤ ወደ ታች ጎተትኩት። መልስ አጥቼ የማጭበረብር መሰለውና ይበልጥ ወደ ላይ ሰቀለው፣ እየሳቀ።

"የምትቃወሙ። ድምፀ ተአቅቦ። በሙሉ ድምፅ አልፏል። ስማችሁ የተጠራ ወደ ፊት።"

የሚነሳ ሰው ጠፋ። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዙ የአብዮት ጥበቃዎች ቆመዋል። ጸሐፊው ጣቱን ወደኛ ቀሰረ። "ያ ከኋላ ያለው። ይለፍ ሊወስድ የመጣው።"

"እኔ እኮ በዚያ ስም..." ብሎ ጀመረና እዚያው ላይ ገባው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። "ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ሥራ አግኝቻለሁ። መኪናው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።"

"እጅህን አንስተህ የለም እንዴ?" አለው ሊቀመንበሩ። ሳይቆጣ ነው ያለው። "ሁላችንም አይተናል። በገዛ ፈቃድህ ነው።"

ሰዉ ሳቀ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሊቀመንበሩ ፈገግ ስላለ ነው።

ገበያው ጥግ መኪናው ጥሩንባ ነፋ፣ ደግሞ ነፋ፣ ከዚያ ድምፁ ወደ ወይጦ መንገድ እየራቀ ጠፋ። የሽማግሌው ሾፌር ረዳት ማን ሆኖ እንደሄደ አላውቅም።

በማግስቱ የወታደር መኪና ላይ ጫኗቸው። መኪና ላይ ሰው እንደ ዕቃ ሲጫን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እኛ ጆንያ እንኳ ስንጭን ከዚያ የተሻለ ቦታ እናስይዛለን። እናቱ ዳር ቆማ በአሪኛ ትጣራለች፣ በእውነተኛው ስሙ። ጥበቃው በዚያ ስም የተጻፈ ሰው እንደሌለ ነገራት። እሱ ከላይ ሆኖ እኔን አየኝና፣ "መንገድ ብዬሃለሁ" አለ። "ተራው ያንተ ነው።"

መኪናው ሄደ፤ ወይጦ፣ ኮንሶ፣ አርባ ምንጭ፣ ሲደግመው በኖረው መንገድ። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያውቁት የላኩት ናቸው።

አሁን መንግሥቱ ወድቋል። ወታደሮቹ በእግር፣ በልመና፣ ጫማ ያለውም የሌለውም እየተመለሱ ነው። እናቱ በቆሎ ቆልታ መንገድ ዳር ትቀመጥና ላለፈው ሁሉ ትሰጣለች፣ የልጇን ሁለቱንም ስም እየጠራች ትጠይቃለች። ያኛውን ስም መጥራት የተማረችው አሁን ነው። ጎረቤት ለቅሶ ተቀመጪ ይላታል። "ሬሳ አላየሁ፣ የሞት ወሬ አልሰማሁ፣ እንዴት ልጄን በአፌ ልግደለው?" ትላለች።

ሊቀመንበሩ አልታሰረም። ገበያው ላይ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። ሄዳ ጠየቀችው፣ እኔም አብሬያት ነበርኩ። ሚስማር እየመዘነ፣ "እናቴ፣ እኔ ምን ላድርግሽ? ሕዝቡ ነው የወሰነው። ልጅሽም ራሱ ደግፏል" አላት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እዚያው አዳራሽ አዲስ ኮሚቴ ምረጡ ተብለን ተጠራን። እሱ የፊት ወንበር ላይ ነው። "የምትደግፉ" ሲባል ሁለት እጄን ከጭኔ ስር አድርጌ ተቀመጥኩበት፤ ዙሪያዬን እጅ ነው።

እንግዲህ እናንተ የቀበሌው እጅ ቆጣሪዎች፣ ልጇን በሙሉ ድምፅ ወስዳችሁታል፤ ቆጠራ ታውቁበታላችሁና እስቲ ይቺን አንዷን ወስኑላት። ይቺ ሴት መንገድ ዳር ትጠብቅ ወይስ ቤቷ ገብታ ለቅሶ ትቀመጥ?