አባቴ በሚስማር የጫራት መስመር

ከሱቄ የወሰዱኝ ረፋድ ላይ ነው። ከተማችንን መርሳን የያዙት ታጣቂዎች «ሞተር ያለው ሰው መልእክት ያመላልሳል» የሚል ጥቆማ ደርሷቸው ኖሯል። እኔ መለዋወጫ ሻጭ ነኝ፤ ሚስቴ ለጎረቤት የላከችኝን እንኳ መንገድ ላይ እረሳለሁ። ይህንኑ ብነግራቸው አልሳቁም። እኔን አስቀድመው፣ ሞተሬን ከኋላ እየገፉ፣ በአስፋልቱ ዳር ወሰዱን።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ማሽላው ተጭኖ ካለቀ ቆይቷል፤ ሽታውና ነቀዙ ግን ቀርተዋል። ግድግዳው ሥር አንድ ሽማግሌ የቆሰለ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። የግራና ገበሬ ናቸው፤ መርሳ ገበያ መጥተው ነው የተያዙት። ስኳር አለባቸው፤ መድኃኒታቸው ግራና ቤታቸው ነው። ነርስ የሰቀለችላቸው የጨው ውሃ ከረጢት ባዶውን ከነቱቦው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

ውጭ አንዱ ሞተሬን ለማስነሳት ሲታገል ሽማግሌው ጆሯቸውን ጣል አደረጉ።

«ይቺ የወባው ሰው ሞተር አይደለችም እንዴ?»

«ናት አባባ። የወባው ሰው አባቴ ነው።»

አባቴ የወባ መድኃኒት ረጪ ነበር። በዚያች ሞተር ያልረገጠው የሀብሩ ቀበሌ የለም፤ ጡረታ ሲወጣም በጨረታ ገዛት። የሽማግሌው ወዝ ተመለሰ።

«ድምጿን ከዳገቱ ስንሰማ ዕቃችንን ከቤት ማውጣት እንጀምር ነበር፤ አባትህ ግድግዳውን ሳይረጭ አይሄድማ። አንድ ጊዜ ምጣዴን ሰበረብኝና ስቆ አለፈ።»

«እሱ መሆን አለበት» አልኳቸው። ምን ይደረግ፣ ሳቅን። ቀኑን ሙሉ እሱን አነሳን፤ እስረኛ መሆኔን የረሳሁት ያን ጊዜ ነው።

በማግሥቱ አዛዣቸው መጣ። ረጅም፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው።

«ሞተርህ ቤንዚን ታንጠባጥባለች። ዳገት ስታይ ደግሞ ትጠፋለች። ምን አድርገሃታል?»

«እኔ ምንም። የነካካት ሰው ይጠየቅ።»

ውስጤ ግን ደስ ብሎት ነበር። አልነሳም ካለች የትም አይወስዷትም፤ አንድ ቀን ገፍቼ ወደ ቤቴ አስገባታለሁ። አባቴ ከእሷ ሌላ የተወልኝ ነገር የለም።

አብራው የመጣችው ነርስ የሽማግሌውን እግር አይታ ተነሳች። «እኚህ ሰው ዛሬ መድኃኒታቸውን ካላገኙ አይተርፉም» አለችው።

«ይሂዱ፤ የሚጠየቁበት ነገር የለም» አለ አዛዡ። «ግን በምን ይሄዳሉ? አንድም መኪና እዚህ የለኝም።»

ሽማግሌው ወደ እኔ አላዩም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

«እሠራታለሁ» አልኩ። «መጀመሪያ ግን እሳቸውን ግራና ታደርሳለች።»

አዛዡ «ሥራት» አለና ሄደ።

ፒንሳና ካቻቢቴ ሰጡኝ፤ ካርቡራተሩን ፈታሁት። ሆዱ ውስጥ ቤንዚኑ ላይ የምትንሳፈፍ ትንሽ ዕቃ አለች፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ብላ በምላሷ መግቢያውን ትዘጋለች። ቤንዚን ቢበዛ ጉልበት የሚጨምር የመሰለው ሰው ምላሷን አጣሟታል። አቃናኋትና ገጥሜ ያንን የከረጢቱን ቱቦ እንዲያመጡልኝ ጠየቅሁ።

«ልትታከም ነው?» አለኝ ጠባቂው።

«እሷን ላክማት ነው።»

እኛ ጋ ሞተር የሚወድ ሰው ሁሉ ይህቺን ቱቦ አያጣትም። ከካርቡራተሩ ሥር ትሰካና በጎኑ ሽቅብ ትያዛለች፤ ውስጥ ያለው ቤንዚን እስከየት እንደሞላ በቱቦዋ ይታያል። አባቴ ልኩን በሚስማር ካርቡራተሩ ላይ ጭሮት ነበር። ጠባቂው በማቆሚያ እግሯ አጋድሞ አቆማት፤ «ቀጥ አድርገህ ያዛት፣ ስታጋድል ትዋሻለች» አልኩት። ያዘልኝ። መጀመሪያ ቤንዚኑ ከመስመሯ በላይ ቆመ። ፈትቼ መለስኩ፤ አሁን ደግሞ ከሥሯ ቀረ።

«ይበቃል» አለ።

«አይበቃም። ዳገት አለ።»

እንደገና ፈታሁ። በመጨረሻ ቤንዚኑ መስመሯ ላይ መጥቶ ዝም አለ። አባቴ በጣም ናፈቀኝ። ዓይኔን በክንዴ ጠረግሁ፤ ቤንዚን ነው ብዬ።

ሽማግሌውን ደግፈን ሞተሯ ላይ ከኋላ አወጣናቸው። ጠባቂው ሊያስነሳ እግሩን ሲያነሳ፣ «ባለቤቱ ያስነሳት» አሉ ሽማግሌው። ጠባቂው ወረደልኝ። አንዴ ረገጥኳት፤ ተነሳች።

«ስታቆማት የቤንዚን መዝጊያዋን ዝጋላት» አልኩት ለጠባቂው። የአባቴ ልማድ ነው፤ ሳይዘጋ ምሳ አይበላም ነበር። ጠባቂው ነዳት።

ወደ መጋዘኑ መለሱኝ፤ ውስጥ ቆሜ ድምጿ እስኪጠፋ ሰማሁ። አላሳላትም።

ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። ከተማዋን ለቀው ሲወጡ እኛን ፈቱን፤ እሷን ይዘዋት ሄደዋል። መንገዱ ሲከፈት ግራና ሄድኩ። ሽማግሌው በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ በታች የለም፤ እሳቸው ግን አሉ።

«ዳገቱን አንዴም ሳትደናቀፍ ወጣች» አሉኝ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ። «አንዲት ጎረቤቴ ድምጿን ስትሰማ ዕቃዋን ልታወጣ ብድግ አለች አሉ። አባትህ መጣ ብላ!»

ሳቅን። ከዚያ ክንዴን ያዙኝ።

«ያ ጠባቂ ደጄ ላይ ሲያቆማት፣ ‹መዝጊያዋን ዝጋ፣ ባለቤት አላት› አልኩት።»

«ምን አለዎት?»

«ጎንበስ ብሎ ዘጋት።»

አሁን የት እንዳለች አላውቅም። ቱቦዋን ግን ስፈታ ይዣት ወጥቻለሁ፤ ሱቄ ውስጥ ሚስማር ላይ አለች። የዚያች ዓይነት ሞተር ድምፅ ከአስፋልቱ ስሰማ የጀመርኩትን ትቼ በር ላይ እቆማለሁ። መዝጊያዋን የሚዘጋላት ሰው እጅ ላይ ትሁን እንጂ፣ ሌላውን ትቼዋለሁ።