ሳይቆረጥ የተቀረጸው ዘፈን

ትናንት ከምሳ በኋላ ልጄ ሰናይት ያንን አሮጌ የቪዲዮ ካሴት ስልኳ ላይ አስገልብጣ አመጣችና «አባ፣ እነዚህ እነማን ናቸው?» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ ነገርኳት። ክራር የሚመታው መምህር ታደሰ ነው፤ ካሜራውን ከወንድሙ የተዋሰው እሱ ነው። መሃል የምትዘፍነው ጫልቱ ናት። ጋሪ ነጂው በቀለ ሣሩ ላይ ጥላው ብቻ ይታያል። ቀራጩ እኔ ነኝ። ይህ ሁሉ የተደረገው ግን በምስሉ ውስጥ ለሌሉት ለጫልቱ አባት፣ ለኦቦ ጉደታ ነው።

በደርግ ዘመን መጨረሻ ገደማ አምቦ ውስጥ ሬዲዮ እጠግን ነበር። ያስተማረኝ የለም፤ የተበላሸ እየፈታሁ ነው የተማርኩት። ጫልቱ በከተማው የኪነት ቡድን ትዘፍናለች። ጊንጪ ላይ ለሚቀርበው ትርኢት ዋና ዘፋኝ ሆና ስትመረጥ አባቷ አገዷት። ጸሎተኛ ሰው ናቸው፤ ዘፈን ካለበት አይደርሱም። «እዚያ ምን እንደምትሠራ ሳላይ አልለቃትም» አሉ። እኛም በቪዲዮ እናሳያቸው ተባባልን።

ልምምዱን ቀረጽኩ። ባትሪው ደካማ ስለነበር እያጠፋሁ እያበራሁ፣ ጥሩ ጥሩውን ብቻ መረጥኩ። በሥራዬም ኮርቼ ነበር። ታደሰ ቤት ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጠን አሳየናቸው።

«እዚህ ጋ ቆማ ነበር» አሉ ኦቦ ጉደታ በዱላቸው እያመለከቱ። «ወዲያው ማዶ ታየች። መሃሉ የት ገባ?»

«ባትሪ ለመቆጠብ አጠፋሁት፣ ኦቦ።»

«እኔ ማየት የምፈልገው ያጠፋኸውን ነው።»

ተናደድኩ። መንገድ ላይ ሳስበው ግን ሰውየው ልክ ናቸው። መርጦ የሚያሳይ ሰው እመኑኝ ማለት አይችልም። ይህን ለልጆቼም ስነግር ኖሬያለሁ።

ጫልቱ ግን ከአባቷ አልተላቀቀችም። «አባ፣ አንዴ ብቻ። ማሎ!» ብላ ለመነቻቸው።

«ኤዬ፣ እሺ። ሳይቆረጥ ግን።»

በአንድ ካሜራ ሳይቆረጥ መቅረጽ ማለት ዘፋኟንም፣ ክራሩንም፣ ጨፋሪዎቹንም እየዞሩ ማሳየት ነው። ትከሻዬ ላይ አድርጌ እየተራመድኩ ሞከርኩት። ታደሰ አይቶ ሳቀ። «ወንጪ ሐይቅ ላይ በጀልባ የቀረጽከን ይመስላል!»

ጎማ ያለው ነገር ያስፈልገን ነበር። ኅዳር ነው፤ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ደርቆ ቢጫ ሆኗል፤ በአስፋልቱ ላይ የጤፍ ጭድ የጫኑ መኪናዎች ያልፋሉ። በቀለ ጋሪውን ይዞ መጣ። የጫልቱ እናት የላኩትን በቅቤ የታሸ የገብስ ጪኮ በልተን፣ እጃችን ቅቤ እየሸተተ ጀመርን። ከበሮው ሲመታ ፈረሱ እኔንና ካሜራውን ይዞ ወደ ገበያው መንገድ ሽምጥ ጋለበ! በቀለ ከኋላ እየሮጠ ይጮሃል፤ «ያዙልኝ! ፈረሴ ከናንተ በላይ ዘፈን ይወዳል!»

ፈረሱን ፈትተን ዛፍ ሥር አሰርነው። በቀለ ራሱ በፈረሱ ቦታ ገባ። ቀስ ብሎ ሲጎትተኝ ጋሪው ሣሩ ላይ እንደ ዘይት ሄደ። ከክራሩ ጣቶች ተነስቼ ወደ ጫልቱ ፊት ቀረብኩ፤ ከዚያ ጨፋሪዎቹን ከኋላ ሳይቀር ዞርኳቸው። ግማሽ ላይ የባትሪው ቀይ ምልክት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ለማንም አልተናገርኩም። ጫልቱ የመጨረሻዋን ስንኝ ስትጨርስ፣ ክራሩም ዝም ሲል፣ ምስሉ ገና በርቶ ነበር።

ኦቦ ጉደታ እስከ መጨረሻው ዓይናቸውን አልነቀሉም። «መልሰው» አሉ። መለስኩት። ሁለተኛውን ሲጨርሱ ጠየቁኝ።

«ይኼ ጥላ የማነው?»

«የበቀለ ነው፣ ኦቦ። ጋሪውን እየጎተተ ነው።»

«ፈረሱስ?»

«ዘፈን ወዶ አስቸገረን።»

ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። «ትሂድ» አሉ። «እኔም እመጣለሁ፤ ውጭ ቆሜ እሰማለሁ።» ጊንጪ መጡ፤ ውጭ ግን አልቆሙም። ጫልቱ ስትዘፍን መንገደኞች ከአውቶቡስ ወርደው አዳራሹን ሞሉት፤ እሳቸው ፊት ወንበር ላይ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ጭብጨባው አልቆም ሲል ዞር ብለው ለጎረቤታቸው «ልጄ ናት» ሲሉ ሰማሁ።

ሴት ልጆች ያሉኝ አባት ነኝ፤ ኦቦ ጉደታ በመጠየቃቸው አልፈርድባቸውም። የማከብራቸው ግን ካዩ በኋላ ቃላቸውን ስላላጠፉ ነው።

ሰናይት ዘፈኑን ደግማ ደጋግማ አየችው። «ለዚህ ሁሉ ስንት አወጣችሁ?»

ካሴቱን፣ የበቀለን ግማሽ ቀን፣ ሁሉንም ደመርኩላት። አርባ አንድ ብር። ከዚያ ውስጥ ሁለቱን ብር የከፈሉት ኦቦ ጉደታ ናቸው፤ ለፈረሱ ገብስ።